የእንግሊዝኛ መንደር ውስጥ ያየሁት

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቀረጻ ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ያስተካከልኩት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች! እንደምን ዋላችሁ መምህራን! እዚያ በሩ ጋ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ግቡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ። የዛሬው ወሬ የእነሱ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት አንድ ነገር በለን ተብዬ ነው የመጣሁት። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ደቡብ ኮሪያ ሄጄ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እዚያ አገር ደግሞ ሰው ለእንግሊዝኛ ሲል የማያደርገው ነገር የለም። የማያደርገው ነገር የለም! የተሳካላቸውንም ያልተሳካላቸውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ያንን ነው የምነግራችሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።

በዚህ ልጀምር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ኮሪያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሱኑንግ ይሉታል። የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ክፍል ሲጀመር በአገሪቱ ሁሉ አውሮፕላን አይነሳም፣ አውሮፕላን አያርፍም። ሰማይ ላይ ያለው እዚያው ሲዞር ይቆያል። ለምን መሰላችሁ? የሞተር ድምፅ አንዱን ልጅ አንዲት ቃል እንዳያሳጣው ነው። መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን አሳዘነኝ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት ፈተና ልጁን አንብብ ይለዋል፣ አዳምጥ ይለዋል፤ ተናገር ግን አይለውም። ልጆቹ ከሦስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ማታ ደግሞ ሃግዎን የሚባል የግል ማስጠኛ ይገባሉ፤ ነገሩ ልክ አልፎ ሴኡል ውስጥ ማስጠኛዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ መከልከል ግድ ሆኗል። ይህን ሁሉ ለፍቶ የጨረሰ ልጅ፣ አንድ የውጭ ሰው መንገድ ላይ አቅጣጫ ሲጠይቀው አንገቱን ይደፋል።

ይህ ለእናንተ አዲስ ነው? አይመስለኝም።

እንግዲህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ በገንዘብ ስለተሠራው፣ ሁለተኛ በትእዛዝ ስለመጣው፣ ሦስተኛ ሰው በራሱ ጊዜ ስላመጣው። አንደኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ኮሪያውያኑ ራሳቸው ጠየቁ። ይህን ያህል ለፍተን ልጆቻችን ለምን አይናገሩም? መልስ ፍለጋ ሲዞሩ ኢመርሽን የሚባለው ሐሳብ ጋ ደረሱ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቋንቋውን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከማስተማር ልጁን ቋንቋው ውስጥ አስገባው፤ እዚያው ይዋኝ። በ1965 ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻችን ፈረንሳይኛ አልያዛቸውም ብለው ተነሱ። መዋዕለ ሕፃናቱ በፈረንሳይኛ እንዲሆን አደረጉ። ልብ በሉ፣ እዚያ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ፈረንሳይኛ አለ፤ ጎረቤት ይናገረዋል፣ ሬዲዮ ይናገረዋል። ኮሪያ ውስጥ ግን ከበር ውጭ ያለው ኮሪያኛ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ከተማውን ራሱን ሠሩት!

የጊዮንጊ ክፍለ ሀገር በ2004 አንሳን ላይ የእንግሊዝኛ መንደር ከፈተ። ሴኡልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፑንግናፕ ላይ የራሷን ከፈተች። በ2006 ደግሞ ትልቁ መጣ፤ ከሴኡል ወደ ሰሜን፣ ለሰሜን ኮሪያ ድንበር ቅርብ በሆነችው ፓጁ። ከ25 ሄክታር በላይ መሬት ነው። መግቢያው ላይ እንደ አየር ማረፊያ ኢሚግሬሽን ነበረው። ልጁ ፓስፖርት ይዞ ይቀርባል፣ ለምን መጣህ ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል፣ ማኅተም ይመታለት ነበር። ከዚያ የአውሮፓ ከተማ የሚመስል ጎዳና ላይ ይወጣ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት።

ጃፓኖች ቀድመዋቸዋል። ፉኩሺማ ውስጥ፣ ተንኤይ መንደር ተራራ ላይ፣ ብሪቲሽ ሂልስ የሚባል ቦታ በ1994 ተከፍቷል፤ የእንግሊዝ መኳንንት ግቢ ነው የሚመስለው። ፓስፖርት የማይጠይቅ እንግሊዝ ብለው ያስተዋውቁታል። በ2018 ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ ቶኪዮ ግሎባል ጌትዌይ ተከፈተ፤ ውስጡ የአውሮፕላን ወንበር፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ተሠርቶለታል። እዚያ ለስምንት ልጅ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይመደባል። ይህችን ስምንት የምትል ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ኮሪያ ውስጥ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ በሐምሌ ዕረፍት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲያችን የውጭ ተማሪዎችን ለልጆች ካምፕ ልኮን ነው። በአስተማሪነት ልቀጠር ብል አይቻልም ነበር፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ቪዛ በዋናነት የሚሰጠው የሰባት አገር ፓስፖርት ላለው ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ ሰልፍ አስይዛለሁ፣ ማታ መኝታ ቤት ኮሪደር ላይ ተረኛ እሆናለሁ።

የመንደሩን ሐኪም ቤት ላሳያችሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ካናዳዊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ የላስቲክ ማዳመጫ አለ። ልጆቹ 30 ይሆናሉ፤ ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው ካርድ ይዘዋል፣ ካርዱ ላይ በሽታቸው ተጽፏል። አንዱን ራሱን፣ አንዷን ጉሮሮዋን። ተራ የደረሰው ያነባል፤ ካናዳዊው አይዞህ ይላል፣ ከረሜላ ይሰጣል፣ ማኅተም ይመታል። ቀጥል! በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አሥር ዓመት የሚሆነው መነጽር ያደረገ ልጅ ደረሰው። ፈገግ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት፣ ሆዴን አሞኛል አለ። በሚያምር እንግሊዝኛ! ማኅተሙን ተቀብሎ ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አምስት ሰዓት ግድም፣ ተረኛ ነኝ። ኮሪያዊቷ ኃላፊ ሴቶቹ ወዳሉበት ፎቅ ወጥታለች። ያው ልጅ በካልሲው ግድግዳ ተደግፎ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። ሆዱን ይዟል። ኮሪያኛ እችላለሁ፤ ምን ሆንክ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ቀን ያላት ዓረፍተ ነገር የት እንደገባች እንጃ፣ ጠፍታበታለች። "ኢንሳይድ" አለ። "ኢንሳይድ… ሆት።" ዝም አለ። ጠበቅሁት። "ብሬድ፣ ብሬድ፣ ብሬድ። ኖ ራይስ።" ገባኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦና አይብ ሲበላ ሆዱ ተቆጥቷል። ኃላፊዋን ጠራኋት፤ መድኃኒት ሰጠችው፤ ሙቅ ውሃ አጠጣሁት። ልጁ ግን ወደ አልጋው አልሄደም። ቁጭ በል አልኩት። ከዚያ ማውራት ጀመረ። እጁን ሆዱ ላይ እያዞረ "ግራንድማዘር ሃንድ… ሜዲስን" አለኝ። ኮሪያ ውስጥ ልጅ ሆዱን ሲያመው አያት ወይም እናት ሆዱን እያሸች "እጄ መድኃኒት ነው" እያለች ታንጎራጉርለታለች። ያንን ነው ሊነግረኝ የሚታገለው። እኔም የእኔ አያት ዳማከሴ ጨምቃ እንዴት እንዳጠጣችኝ፣ እንዴት እንደሚመር ነገርኩት። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፤ ግሡ ተሰባብሮ፣ ያለፈውና የሚመጣው ተደባልቆ። ግን አወራን። ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ካርድ ካነበበው ይልቅ በዚያች ሰዓት የተናገረው ይበልጣል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ያልነበረው፣ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ምንድን ነው? እኔ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። ካናዳዊው የልጁን በሽታ ያውቀዋል፤ ካርዱን ጽፎ የሰጠው መንደሩ ራሱ ነው። ልጁ ቢናገርም ባይናገርም ማኅተሙ አይቀርም። እኔ ግን አላውቅም ነበር! ምን እንደሆነ ካልነገረኝ አላውቅም። ስለዚህ ጠበቅሁት። እሱም የሚጠብቀው ሰው እንዳለ አየ። እንደሚመስለኝ ደግሞ እንግሊዝኛው የእኔም የመጀመሪያ ቋንቋ አለመሆኑ አደፋፍሮታል፤ እኔም ቃል ፍለጋ ስቆም ያያል።

መምህራን፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ጥያቄ ስትጠይቁ መልሱን የማታውቁትን ጠይቁ። "ዋት ኢዝ ዚስ?" ብላችሁ እርሳስ አታሳዩት፤ እርሳስ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱም ያውቃል። ትናንት ማታ ቤታችሁ ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ጠብቁት። ዝም ሲል ቃሉን አትቀሙት፤ ጠብቁት!

መንደሮቹ ምን ሆኑ? ልጅ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። ሰኞ ገብቶ በሳምንቱ መጨረሻ ይወጣል፤ ወጥቶም ወደ ሱኑንግ ጥናቱ ይመለሳል። ወጪው ከባድ ነው፤ በኪሳራ የከረሙት ብዙ ናቸው። የአንሳኑ ተዘጋ፣ የፓጁም ቆይቶ ስሙንና ሥራውን ቀየረ። እኔ ግን ሰዎቹን አልነቅፍም። የድሃም ልጅ ውጭ አገር ሳይሄድ እንግሊዝኛ ይቅመስ ብለው ነው የተነሡት፤ ይህ የሚከበር ሐሳብ ነው።

ውጭ የሚልከውማ ምን ይሆናል? ኮሪያ ውስጥ ኪሮጊ አፓ የሚባል ቃል አለ፤ ዝይ አባት ማለት ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ለእንግሊዝኛ ብሎ ባሕር ማዶ ልኮ፣ እሱ አገር ቤት ቀርቶ እየሠራ ገንዘብ የሚልክ አባት። እንደ ዝይ በዓመት አንዴ ሁለቴ በርሮ ሄዶ ያያቸዋል። አብሮኝ ላቦራቶሪ የሚሠራ በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ሰው እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ራት ቤቱ ጠራኝ። መደርደሪያው ላይ ሁለት የእንጨት ዝይዎች ተቀምጠዋል፤ በኮሪያ ሠርግ ላይ የታማኝነት ምልክት ተብለው የሚሰጡ ናቸው። ስልኩ ጮኸ፤ ካናዳ ያለው ትንሹ ልጁ ነው። አባትየው በኮሪያኛ ይጠይቃል፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ፈጣን፣ እንደ ተወላጅ። አባትየው ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረና "ምን አለኝ?" አለኝ።

(እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። ፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት እናት ዓይኗን ጠረገች።)

ይህን ገንዘብና ይህን ናፍቆት አገር ውስጥ ለማስቀረት ነው ኮሪያ ጄጁ ደሴት ላይ ዓለም አቀፍ የትምህርት ከተማ የመሠረተችው። ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝ፣ የካናዳና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ቅርንጫፍ ከፍተውበታል። እዚያ ትምህርቱም፣ መኝታውም፣ ጨዋታውም በእንግሊዝኛ ነው፤ የአንድ ሳምንት ሳይሆን የዓመታት። ለልጁ ይሠራል። ክፍያው ግን የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

ሁለተኛው፣ በትእዛዝ የመጣው። በዚህ ላይ አልቆይም።

በ2008 መጀመሪያ ላይ የተመራጩ ፕሬዚዳንት ሊ ሚዩንግ ባክ የሽግግር ኮሚቴ ሌሎችም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ይሰጡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አገር ተናወጠ። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ብርቱካን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በኮሪያውያን አነባበብ "ኦሬንጂ" ብትል አሜሪካ ውስጥ ሰው እንዳልገባው፣ "ኦሪንጂ" ስትል እንደገባው ተናገረች፤ ሕዝቡ ያን ጊዜ አልማራትም። መምህራኑ አልተዘጋጁም፣ ወላጅ ማስጠኛው ሊወደድብን ነው ብሎ ፈራ። ሐሳቡ ወዲያው ተተወ። ሆንግ ኮንግ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ብዙ ትምህርት ቤት በስም እንግሊዝኛ ነበር፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ካንቶንኛ። ታውቁታላችሁ አይደል ይህን ነገር? በ1998 መንግሥት አብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቻይንኛ ያስተምር አለ፤ በእንግሊዝኛ እንዲቀጥሉ የተፈቀደላቸው 114 ብቻ ነበሩ። ወላጆች 114ቱን ለማግኘት ተጋፉ። በ2010 ደንቡ ላላ።

እኛስ? እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ኮሪያ መንደር ስትከፍት፣ በዚያው በ2004፣ እኛ አገር ትምህርት በሳተላይት መጣ። ያገሬ ሰው ያስታውሳል። ፕላዝማው በጥሩ እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ብዙ ነገር ተምሬበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን አይጠብቅም። ልታየው ትችላለህ፣ ልትሰማው ትችላለህ፤ ፕላዝማ አይጠብቅህም።

ከዚያ በፊት በተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ግቢ ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነበር። የክፍል አለቃ ደብተር ይዞ ይዞራል፤ አማርኛ የተናገረውን ስሙን ይመዘግባል። ዓርብ ስሙ ተጠርቶ ይቀጣል። እንግሊዝኛ ተማርን? ዝምታ ተማርን! እረፍት ሰዓት ላይ ኳስ ስንጫወት እንኳን በምልክት ነበር፤ እጅ እያወዛወዝን። አንድ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ደምቶ፣ ማልቀሱን ሲጨርስ መጀመሪያ ያየው አለቃው መስማት አለመስማቱን ነው። ወላጆች፣ እለምናችኋለሁ፤ ልጃችሁ በሚማርበት ቤት እንዲህ ያለ ደብተር ካለ ሄዳችሁ ተናገሩ። ዝም አትበሉ። ቤት ውስጥም አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን አትከልክሉት። ያ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ "ምን አለኝ?" ብሎ የጠየቀኝን አትርሱ።

ሦስተኛው። ሰው በራሱ ጊዜ ያመጣው።

ቻይና ውስጥ የእንግሊዝኛ ማዕዘን የሚባል ነገር አለ። ሻንጋይ፣ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። አገሪቱ በሯን መክፈት የጀመረችበት ጊዜ ነው። ሕንፃ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ቪዛ የሚጠይቅ የለም። ሰው በዕረፍት ቀኑ ይመጣል፣ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ አጠገቡ ካለው ጋር በእንግሊዝኛ ያወራል። ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። ከዚያ በየከተማው ተዛመተ፤ ቤጂንግ ውስጥ የሬንሚን ዩኒቨርሲቲው ይታወቃል። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው አግኝተው አያውቁም ነበር። እርስ በርሳቸው ነው የተማሩት።

ይሠራል? እኔ በሌላ ቋንቋ ደርሶብኛል። የኮሪያ መንግሥት ነፃ ትምህርት ዕድል የሚያገኝ ሰው ዲግሪውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ኮሪያኛ ይማራል፤ የቋንቋ ፈተናውን ሦስተኛ ደረጃ ካላለፈ ዲግሪውን አይጀምርም። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ገበያ። ኮሪያኛ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው፤ ለገንዘብ ሌላ፣ ዕቃ ሲቆጠር ሌላ። ሰፈሬ ገበያ ውስጥ አንዲት ፖም የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። አምስት ፖም ስላቸው በገንዘቡ ቁጥር "ኦ" አልኳቸው። አልሳቁም። ላስቲኩን ከፍተው ያዙ፤ አንድ ፖም አንሥተው "ሃና" አሉና አዩኝ። "ሃና" አልኩ። ፖሙን ጨመሩ። "ቱል።" "ቱል።" ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አልቸኮሉም። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቃሉን ሳይነግሩኝ ፖሙን በእጃቸው ይዘው ጠበቁ። "ታሶት" አልኩ። ላስቲኩን ሰጡኝ፤ ስድስተኛ ፖም ጨምረውበት። እስከ ዛሬ ታሶት ስል የእሳቸው እጅ ነው የሚታየኝ።

እንግዲህ ስምንት የምትለውን ቁጥር ያዙልኝ ብዬ ነበር። የቶኪዮው ቦታ ላይ ከአውሮፕላኑ ወንበር ይልቅ እኔ የምቀናው በእሷ ነው። ስምንት ልጅ ካለ እያንዳንዱን መጠበቅ ይቻላል። መምህራን ክፍላችሁ ውስጥ ስልሳና ሰባ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ በቀን ስንቱን መጠበቅ ትችላላችሁ? አትችሉም፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ለዚህ ነው ይህን ሐሳብ ይዤ የመጣሁት። ይህ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው፤ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከ9 ሰዓት እስከ 11 እዚህ እገኛለሁ። ስምንት ስምንት ወንበር በክብ እናደርጋለን። እያንዳንዱ ክብ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው ፍጹም መሆን የለበትም፤ የሚፈለግበት መልሱን የማያውቀውን መጠየቅና መጠበቅ ነው። እናንተ እዚያ ጥግ የተቀመጣችሁት አባት፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብለውኛል፤ ይምጡልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ኑ። ልጆች ደግሞ ለመናገር የምትፈልጉትን አንድ እውነተኛ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ስለ ውሻችሁም ይሁን፣ ስለ ጠፋባችሁ ጫማም ይሁን።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። መነጽር ያደረግሽው ልጅ እጅሽን ቀድመሽ አውጥተሻል፤ ማይኩን ስጧት። በአማርኛም ይሁን፣ በእንግሊዝኛም ይሁን፣ እንደወደድሽ። እዚህ ስም የሚመዘግብ የለም። ጊዜ አለን፤ አትቸኩዪ።